ልጄ ዘንድ የላክኋቸው ሽማግሌዎች

በሌላ ሰው ልጅ ጉዳይ እንደመምከር የሚቀለኝ ሥራ የለም። ሆሳዕና ከተማ ውስጥ ሃያ ዓመት ሳስተምር ስንቱን አባት «ልጅህ የፈለገውን ይማር፤ ኑሮው የእሱ ነው» እያልኩ እንዳስጨነቅሁ ቤት ይቁጠረው። የወላጆች ስብሰባ ላይ ይህን ስናገር ይጨበጨብልኛል፤ እኔም ጭብጨባውን አልጠላውም።

ታዲያ የገዛ ልጄ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቷ ጤና ሳይንስ የሚያስገባ ሆኖ ሳለ፣ ቴክኒክ ኮሌጅ ገብቼ ብየዳ እማራለሁ ስትለኝ ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ከብረት ቁርጥራጭ የእንሰት መፋቂያ ሠርታ ፎንቆ ላለችው አክስቷ ወስዳላት ነበር። አክስቷ ወገቤ ዳነ እያለች ለጎረቤቱ ሁሉ ታወራለች። እኔ ግን ልጄን ነጭ ጋውን ለብሳ ነበር የማያት። አባቷን ባማክረው፣ እናንተው ተስማሙ ብሎ ወደ ስልኩ ተመለሰ። የዩኒቨርሲቲ ምርጫ መሙያው ሰኞ ይዘጋል። ሐሙስ ተጣላን፤ ዓርብ ተኮራረፍን።

ቅዳሜ ጠዋት ብልሃት ያገኘሁ መሰለኝና ለገዛ ልጄ ሽማግሌ ላክሁባት። የመረጥኩት ሰፈሩ የሚያከብራቸውን አንድ ጡረተኛ ነው። ሁለት ሰው ጨምሬ እመጣለሁ አሉኝ። ፊታቸው ላይ ፈገግታ ቢጤ አይቻለሁ፤ ጡረታ የወጣ ሰው ሥራ ሲያገኝ ደስ ይለዋል ብዬ አለፍኩት።

እሑድ ከአምልኮ መልስ የክብር እንግዳ የቡላ ምግባችንን፣ አታካና ሠርቼ ጠበቅኋቸው። ቅቤ አልሰሰትኩም፤ ቡላው እስኪዋኝ ድረስ አፈሰስኩበት። ሦስቱም መጡ። ተቀመጡ ብላቸው አልተቀመጡም። ልጄን ከጓዳ ልጥራት ብል ይቆይ አሉ። በሩ አጠገብ ተደርድረው፣ ልጅ ለጋብቻ ሊጠይቅ እንደመጣ ሰው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«መምህርት፣ የመጣነው አንቺ ዘንድ ነው» አሉ ጡረተኛው። «ልጅሽ የመረጠችውን ትማር። እሺ እስክትይን አንቀመጥም።»

ሽማግሌ እሺ ካልተባለ አይቀመጥም፤ ካልተቀመጠ አይበላም። ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ከአራት ዓመት በፊት የእኚሁ ሰውዬ ልጅ ልብስ ስፌት ልማር ሲል፣ እሳቸው ደግሞ ደቡብ አፍሪካ ወንድሞቹ ጋ ካልሄደ ብለው ሲያስጨንቁት፣ ሁለት መምህራን አስከትዬ ቤታቸው ቆሜ የለመንኩት እኔ ነበርኩ። የቀረበልኝ ቆጮ ፊቴ ደረቀ እንጂ እሺ እስኪሉኝ አልተቀመጥኩም። ልጁ ዛሬ ጃጁራ ከተማ የልብስ ስፌት ቤት አለው፤ በዚያ እሑድ የለበስኩትን ቀሚስ የሰፋልኝም እሱ ነው።

«ያኔ ምን ብለሽኝ ነበር?» አሉኝ ቀሚሴን እያዩ።

መጀመሪያ ተናደድኩ፤ ቀጥሎ አፈርኩ። ከሁለቱም ስር ግን ፍርሃት ነበር። ብየዳው ዓይኗን ቢጎዳውስ? ባይሳካላትስ? የመምህርቷ ልጅ ብረት ለቃሚ ሆነች ተብሎ ቢሳቅስ? ከሁሉም የባሰብኝ የመጨረሻው እንደነበር ዛሬ አልደብቅም።

ቅቤው መርጋት ጀመረ። ከሦስቱ አንደኛው ጉልበታቸው ደካማ ነው፤ ምርኩዛቸው ላይ ዘንበል ሲሉ አንጀቴን በሉት። እኔ ቤት የመጣ ሽማግሌ ተርቦ ሲመለስ ታየኝና ተሸነፍኩ።

«እሺ» አልኩ። «ኑሮው የእሷ ነው። አሁን ተቀመጡ፤ ርቧችኋል።»

መርቀውኝ ተቀመጡ። ማንኪያ የሚያነሳ ግን ጠፋ። ብሉ እንጂ እያልኩ ብለምን እርስ በርስ ይተያያሉ። በመጨረሻ ጡረተኛው ወደ ጓዳው በር አየት አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አልራበንም» አሉኝ። «ልጅሽ ካንቺ በፊት፣ ዓርብ ዕለት እኔ ዘንድ መጥታ ነበር። እናቴ ቶሎ እሺ አትልም፣ በልታችሁ ሂዱ ብላናለች።»

ከጓዳ የታፈነ ሳቅ ተሰማኝ። ሽማግሌዎቹን ከሸኘሁ በኋላ የረጋውን አታካና አሙቄ አጠገቧ ቁጭ አልኩ፤ ሁለታችን ጨረስነው። በሃያ ዓመት ውስጥ ምክሬን እንደዚህች ልጅ ከልቡ የሰማልኝ ተማሪ አልነበረኝም።