ለመቅኔዬ ወንድም ሲፈለግ

መጀመሪያ የደማው ድዴ ነው። ጥርሴን ስፍቅ መፋቂያው ቀላ፤ "አጥብቀሽ ስለፋቅሽው ነው" ተባልኩ። ከዚያ ማንም ሳይነካኝ ጭኔ በለዘ። ከቀበና ድልድይ እስከ ቤታችን ያለችውን አቀበት እያረፍኩ መውጣት ጀመርኩ። ገና ወጣት ነበርኩ።

ሐኪሙ ከዳሌ አጥንቴ መቅኔ ቀድቶ አየ። አፕላስቲክ አኒሚያ አለ።

"መቅኔ ውስጥ ደም የሚፈጥሩ ሕዋሳት አሉ፤ ስቴም ሴል እንላቸዋለን። የእሷ አልቀዋል። ከወንድም ወይም ከእህት ካልተተካ ..." አልጨረሰውም። ወደ እማዬ ዞረ። "ስንት ልጆች አሉዎት?"

"አምስት። ሁሉም የሆዴ ፍሬ ናቸው" አለች እማዬ ፈጠን ብላ።

የአራቱም ደም ተቀድቶ ለምርመራ ወደ ምሥራቅ ጀርመን ተላከ። እኔ በሰው ደም ቆየሁ። አፍንጫዬ ይደማል። ይቆማል። እንደገና ይደማል። መልሱ መጣ። አንዱም አልገጠመም።

ሐኪሙን ነገሩ ከነከነው። "ይቅርታ ያድርጉልኝ እናቴ፤ የአንዳቸውም ደም በግማሽ እንኳ ከእሷ ጋር አልገጠመም። የወለዷት እርስዎ ነዎት?"

እናንተዬ፣ በእኛ ቤት ያሳደገ ሰው "አልወለድኩም" አይልም። በልጅ ፊት እንዲህ ማለት ነውር ነው። እማዬ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። አየችኝ።

"አልወለድኳትም" አለች። "የታናሽ እህቴ ልጅ ናት። እህቴ እሷን ስትወልድ ሞተችብኝ። ወንድሟ እንጦጦ አባታቸው ዘንድ ቀረ።"

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሷ ግን ከእኔ ብሳ አለቀሰች።

ወንድሜ ለካ ደምሴ ነው፤ በዓል በመጣ ቁጥር ከእንጦጦ ድንች ተሸክሞ የሚወርደው፣ እኔም "የአክስቴ ልጅ" እያልኩ የምቀልድበት። ሲነገረው "እንኳን መቅኔዬን፣ አጥንቴንም ውሰዱ" አለ። ደሙ ተመረመረ። ገጠመ።

የቀበሌው ደብዳቤም የመውጫ ቪዛውም ስንት ደጅ ተጠንቶ ተገኘና ወደ ምሥራቅ ጀርመን አብረን በረርን። እማዬ ስትሸኘኝ ዓይኔን ማየት አቃታት። እኔም ሰው ፊት መናገር አፍሬ ስመለስ እነግራታለሁ አልኩ፤ ምንም የተለወጠ ነገር የለም፣ እናቴ አንቺ ነሽ እላታለሁ አልኩ።

መድኃኒቱ የእኔን መቅኔ ጨርሶ አጠፋው። ፀጉሬ ረገፈ። የደምሴ መቅኔ በደም ሥሬ ገባ። ከብዙ ሳምንታት በኋላ ግን የደም ቁጥሬ ቀስ እያለ ማንሰራራት ጀመረ፤ ምግብ ጣመኝ፣ ኮሪደሩን በደምሴ ክንድ ተደግፌ፣ ኋላም ብቻዬን ተመላለስኩበት፣ ሐኪሞቹም አዲሱ ደሜ የወንድሜ መሆኑን፣ በውስጡ ያለውን የወንድ ክሮሞሶም በማይክሮስኮፕ አሳዩኝ።

የካ ቤታችን ስደርስ ጎረቤቶች ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ደጅ ቆመዋል። እማዬ ልቧ ቀጥ ብሎ ከሞተች ወራት አልፈዋል። ደምሴ ሰምቶ ነበር፤ ለታማሚ መርዶ አይነገርም ብሎ ለብቻው ሲያለቅስ ከረመ።

ሐኪሞቼን፣ ነርሶቹን፣ ስማቸውን እንኳ ሳላውቅ ደም የሰጡኝን ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ። ደምሴን በምን ቃል እንደማመሰግነው እስከ ዛሬ አላውቅም። ይህ በሽታ ቤታችሁ ከገባ፣ ማን ማንን እንደወለደ ለሐኪሙ መጀመሪያውኑ ንገሩት፤ ፍቅር አይቀንስም። ያሳደገቻችሁንም ሳይውል ሳያድር "እናቴ ነሽ" በሏት። እኔን እማዬ "አልወለድኳትም" ብላ አዳነችኝ፤ መልሴን ሳትሰማ ሞተች።