ከቴሌቪዥኑ አጠገብ የተሰቀለው መጥረቢያ

ቆንጆ መጥረቢያ አልወድም። ይህን ስናገር የሚስቁብኝ ጓደኞች አሉኝ። "አንተ ደግሞ ከመጥረቢያ ጋር ምን ቂም አለህ?" ይሉኛል። ቂም አለኝ። ካዛንቺስ፣ እኛ ቤት፣ ከቴሌቪዥኑ በስተቀኝ በተመታ አንድ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሎ የኖረ ቂም ነው።

የድሮው መጥረቢያችን የሚቀመጠው ከበር ኋላ ነበር። አባቴ በሕይወት ሳለ ቡልጋሪያ ሰፈር ካሉት ጋራዦች በአንዱ፣ ከአሮጌ የመኪና ባሌስትራ አስቀጥቅጦ ያሠራው ነው። አስቀያሚ ነበር። ጉንጩ ወፍራም፣ ስለቱ ሁለት ቦታ የተሸረፈ፣ የወይራ ዛቢያው ከእጅ ላብ ብዛት የጠቆረ። እንግዳ ሲመጣ እናቴ በእግሯ ወደ ጥግ ገፋ ታደርገዋለች። ግን ከፍ አድርገህ ስትለቀው በራሱ ክብደት ይወርዳል፤ ያንተ ሥራ አቅጣጫ ማስያዝ ብቻ ነው። ጉንጩ ስለሚወፍር እንጨት ውስጥ ተሰንቅሮ አይቀርም፣ ገፍቶ ይሰነጥቀዋል። ዛቢያው የገባው ከላይ በኩል ስለነበር ደግሞ በመታህ ቁጥር ይጠብቃል እንጂ አይላላም።

ታላቅ ወንድሜ አንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ ከቤት ከወጣ ቆይቷል። አምና ከፋሲካ በፊት እጮኛውን ሊያስተዋውቀን ሆነና ቤቱን ለማጽዳት ቀድሞ መጣ። ጽዳት ያልኩት የሱን ቃል ተውሼ ነው። ጽዳቱ የአባቴን ዕቃ እየመረጡ ማውጣት ነበር። እኔ ሥራ ውዬ ስመለስ ከበሩ ኋላ ያለው ጥግ ባዶ ሆኖ ጠበቀኝ።

"መጥረቢያውስ?"

"ለቆራሌው ሰጠሁት" አለ ወንድሜ፣ ጫማውን እየወለወለ። "ከነዚያ ከተጣመሙት ድስቶች ጋር። ማለቴ፣ ሰው ቤት ውስጥ እንደዚያ ዓይነት ነገር ይቀመጣል እንዴ ብራዘር? ልጅቷ በሩን ስትዘጋ ብታየውስ?"

"አይታው ምን ትሆናለች?"

"በቃ፣ ሌላ ገዝቻለሁ አልኩህ!"

ወደ ዋናው መንገድ ሮጥኩ። ብረት የሚለቅመው ሰውዬ ጆንያውን ተሸክሞ የት እንደገባ የሚነግረኝ አላገኘሁም። ስመለስ አዲሱ መጥረቢያ ጠረጴዛው ላይ ካርቶኑ ውስጥ ተኝቷል። ከባምቢስ ሱፐርማርኬት ዝቅ ብሎ ካለ የስጦታ ዕቃ መሸጫ ነው የተገዛው። እስኪ አስቡት፣ መጥረቢያ ከስጦታ ዕቃ መሸጫ! ብረቱ ጥቁር ሆኖ ሁለት ጎኑ ላይ ቅጠል ተቀርጾበታል። ዛቢያው እንደ ሴት ወገብ ጎበጥ ቀጠን እያለ ይሄዳል፤ ቫርኒሹ ፊት ያሳያል። ቡናማ የቆዳ አፎት አለው፣ አፎቱም ቁልፍ አለው። አነሳሁት። እንደ ማንኪያ ቀለለኝ።

እናቴ ወደደችው። የወደደችው መጥረቢያውን ይሁን የልጇን ማምጣት፣ እስካሁን ለይቼ አላውቅም። ሚስማር አስመትታ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ሰቀለችው። እጮኛዪቱ መጣች፣ አየችው፣ "ዋው፣ ዲኮሩ ያምራል" አለች። ወንድሜ ቀና ብሎ ተቀመጠ።

አንድ ሰው ብቻ ጠየቀ። ግድግዳ የሚያዋስነን ጎረቤታችን፣ ለገሃር ባቡር ጣቢያ ሠርተው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። እኔን "ባለቅኔው" ነበር የሚሉኝ። ትምህርት ቤት ሳልጨርስ ግጥም መጻፍ በመጀመሬ እያሾፉ ነበር፤ ግን ያነበብኩላቸውን ሁሉ ቁጭ ብለው ይሰሙ ነበር። ዜና ሊያዩ እንደገቡ ዓይናቸው ሚስማሩ ላይ አረፈ።

"ይሄ ለመፍለጥ ነው ወይስ ለመታየት?"

"ለሁለቱም ነው እንጂ ጋሼ!" አለች እናቴ።

"እስቲ አውርጂውና አንድ ጉማጅ ልሞክርበት።"

"ኧረ! ቀለሙ ይላላጥብኛል።"

ሽማግሌው ሳቁ። "እንግዲያውስ ሳይሠራ ጡረታ ወጣ በይኛ!" እኔም ሳቅሁ። እናቴ ግን ተቀየመቻቸው፤ ሁለት ቀን ሙሉ "ቀናተኛ" ስትል ሰማኋት።

ከዚያ ሰፈሩ ፈረሰ። መንገዱ ሰፋ፣ ዳሩ ንጣፍ ለበሰ፣ ሳር ተተከለ፣ መብራቱ በየምሰሶው ላይ ተደረደረ። ማማሩን አልክድም። ማታ ማታ ሰው ፎቶ ሊነሳ ይመጣል። እኔም አንድ ቀን መብራቱ ሥር ቆሜ ስንኝ ቋጥሬ ነበር፤ ቤት ገብቼ ጮክ ብዬ ሳነበው ውስጡ አንድም የማውቀው ሰው አልነበረም፣ ቀደድኩት። ከመንገዱ ኋላ እኛ ጥቂት ቤቶች ቀረን። የተፈለጠ እንጨት የምትሸጠው ሴትዮ ከተነሱት ጋር ሄደች። በየበሩ ኋላ የነበረው መጥረቢያ ሁሉ በየጭነት መኪናው ተጭኖ ሄደ። መብራት ደግሞ፣ ያ ሁሉ ምሰሶ ቆሞ፣ በየጊዜው ለእኛ ቤቶች ይጠፋል።

ሽማግሌው የሞቱት እንዲህ ባለ መብራት በጠፋበት ቀን ንጋት ላይ ነው። ቀብሩ ለዘጠኝ ሰዓት ተባለ። እድሩ ድንኳን ተከለ። ሐዘንተኛ ከቀብር ሲመለስ እጁን ታጥቦ ንፍሮ ይቀርብለታል፤ የሐዘን ቤት እሳት ስለማያነድ ንፍሮውን የሚቀቅለው ጎረቤት ነው። ድሮ ቢሆን አሥር ሴት ተጋፍታ የምትሠራው ሥራ ነው። ያን ቀን ግን እናቴ የሟቹን ሚስት አንገት አቅፋ፣ "ንፍሮው በእኔ ይሁን እትዬ፤ እርስዎ እሱን አያስቡ" ስትል ሰማሁ። አቅፋቸው እያለች ዓይኗ እኔን ይፈልግ ነበር።

ስንዴውና ሽምብራው ሳይዘፈዘፍ ያደረ ነው፤ ብርቱ እሳት ይፈልጋል። ከሰል ለዚያ ትልቅ ብረት ድስት አቅም የለውም። ያለን እንጨት ከፈረሱት ቤቶች የለቀምነው የባሕር ዛፍ ቋሚ ብቻ ነው፤ ስንት ዓመት ጣሪያ ተሸክሞ የኖረ፣ ደርቆ ብረት የሆነ። እናቴ ገብታ መጥረቢያውን ከሚስማሩ አወረደች። የአፎቱን ቁልፍ ራሷ ፈታች።

"ቀስ ብለህ" አለችኝ።

"እንጨት ቀስ ተብሎ አይፈለጥም እኮ እማዬ።"

መጀመሪያ ስመታው ስለቱ እንደ ቢላ ገባና ቀረ። ምንም አልተሰነጠቀም፤ ተሰነቀረ እንጂ። እግሬን አስደግፌ ጎትቼ አወጣሁት። ደግሜ መታሁ፣ ደግሞ ተሰነቀረ። ክብደት ስለሌለው ኃይሉን ሁሉ እኔ ነኝ የምሰጠው፤ እጄ ሲያልበው ያ የተወለወለ ዛቢያ እንደ ዓሣ ያዳልጣል። ከመሐል መጨበጫው ላይ መጉበጡ ለዓይን እንጂ ለእጅ አልታሰበም። የሚላጥልኝ ፍቅፋቂ ነው። እናቴ ፍቅፋቂውን እየሰበሰበች ጉልቻው መሐል ትከታለች፤ ቦግ ይልና ይጠፋል። ውሃው ይሞቃል፣ አይፈላም።

ወንድሜ ጥቁር ሱፍ ለብሶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሊሄድ ሲል ጓሮ ብቅ አለ።

"እንዲህ አይደለም የሚያዘው" አለኝ። "አያያዙን ሳታውቅ…"

"ና ያዘው!"

"ልብሴን አየኸው?"

"አየሁት። እሱም ያምራል።"

"እማዬ፣ ስሚው እስቲ ይሄን ልጅ!"

"ሁለታችሁም አፋችሁን ዝጉ፤ ሬሳ እየወጣ ነው!" አለች እናቴ፣ ፊቷ በጭስ ጠቁሮ።

ሬሳው ወጣ። እኔ ያንን ሰው አልሸኘሁም። ግጥሜን ቁጭ ብሎ የሰማኝን ሰው የቀበርኩት በእንጨት ቁራጭ ላይ እየተሳደብኩ ነው፤ እስካሁን ሳስበው ጥርሴን ያስነክሰኛል። ለቅሶው ከቅያሱ ሲርቅ በሙሉ ኃይሌ አንዴ መታሁ፤ ብረቱ ከዛቢያው ወልቆ በእናቴ ጆሮ አጠገብ አልፎ ቆርቆሮ አጥር ላይ ጮኸ። ዛቢያውን አየሁት። ብረቱን አጥብቆ የሚይዝ ሽብልቅ የሚባል ነገር የለበትም። በሙጫ ነው የተጣበቀው። ቅጠል ለመቅረጽ ጊዜ ያገኘ ሰው ሽብልቅ ለመሰካት ጊዜ አጣ።

ሰው ከቀብር ተመለሰ። እጁን ታጠበ፣ ድንኳኑ ውስጥ ተቀመጠ። እናቴ ያለውን አቀረበች፤ ሌላ ምን ታድርግ? ሰው ሁሉ ጭብጥ ጭብጥ አደረገ። ከዚያ ያንን ድምፅ ሰማሁ። ቀጭ። ቀጭ። ከዚህ ጥግ፣ ከዚያ ጥግ። ጥሬ ስንዴ በጥርስ ሲሰበር። ድንኳን ሙሉ ሰው ዝም ብሎ ስለሚያኝክ ድምፁ ጎላ። የሟቹ ሚስት ጥቂት ጥርስ ነው የቀራቸው። ስንዴዋን በአንድ ጉንጫቸው ይዘው ያገላብጧታል፣ አይተፏትም፣ አይውጧትም። እናቴ ትሪውን እንደያዘች ቆማ ታያቸዋለች።

ወንድሜ ወደ እናቴ ዘንበል ብሎ ሹክ አላት፤ እኔ ግን ሰማሁት። "እማዬ፣ ትንሽ አልበሰለም መሰለኝ።"

ያኔ ድንኳን ውስጥ ባልሆን ኖሮ ምን እንደማደርግ አላውቅም። እናቴ አንገቷን ደፋች። እትዬ ደግሞ ያዩትን አዩ መሰል፣ "ተይው ልጄ፣ እሱም ጠንካራ ነገር ይወድ ነበር" አሏት። እናቴን ያስለቀሳት ይሄ ነው። ሬሳው ሲወጣ እንኳ እንደዚያ አላለቀሰችም።

በማግስቱ ጠዋት "ቆራሌው!" የሚል ድምፅ በቅያሱ ሲያልፍ በሩን የከፈተችው እሷ ናት። ብረቱን፣ ዛቢያውንና አፎቱን በፌስታል ይዛ ወጣች። ሰውዬው ብረቱን አገላብጦ ቅርጹን አየ። በመዳፉ ከፍ ዝቅ አደረገው።

"ቆንጆ ነው እማማ። ግን ክብደት የለውም። ለምንድነው የሚሸጡት?"

"አያበስልም" አለችው።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "ተነስ፣ ቡልጋሪያ ሂድ። አባትህ ያሠራበት ጋራዥ አለ አይደል? ከባሌስትራ ይሁን በላቸው። ማማሩን ተዉት በላቸው። ለሠልስቱ ይድረስልኝ።"

ደረሰ። አስቀያሚ ነው፤ ስለቱ አጠገብ የመዶሻው ምት እንኳ አልተስተካከለም። ያንን ቋሚ ጓሮ አስተኝቼ አነሳሁት፣ ለቀቅኩት፣ ተሰነጠቀ። ቋሚው ሲያልቅ ንዴቴ አላለቀም፤ የሚፈለጥ ሌላ ፈለግሁ፣ አልነበረም።

በሠልስቱ እናቴ ድስቱን ራሷ ስታገላብጥ ዋለች። ንፍሮው ሲደርስ ትሪውን ለእኔ ሰጠችኝ። መጀመሪያ ለእትዬ ዘረጋሁላቸው። አንድ ፍሬ ስንዴ አንስተው በዚያው ጉንጫቸው ያዙ። ጠበቅሁ። እናቴም ከድንኳኑ በር ላይ ቆማ ትጠብቃለች። ድምፅ አልሰማንም። ዋጡና ደግመው እጃቸውን ወደ ትሪው ሰደዱ።

ቀጥሎ የተቀመጠው ወንድሜ ነው። ያንኑ ጥቁር ሱፍ ለብሶ መዳፉን ዘርግቶልኛል። ትሪውን ከፍ አድርጌ በላዩ አለፍኩ። ከእሱ ቀጥሎ ላለው ሰው ሰጠሁ።