ለአስማረ ክፍል የተገዛው ጓጉንቸር

ይህ ጉዞ የጎንደር ደባርቅ መንገድ አስፋልት ከመልበሱ፣ ሞባይልም እዚያ ከመድረሱ በፊት የሆነ ነው። ያኔ በወር አንድ ረቡዕ ወደ ደባርቅ እወጣ ነበር። ረቡዕን የመረጥኩት ገበያው ስለሚቆም ብቻ አይደለም። እኔ ሙስሊም ነኝ፤ የደባርቁ ወዳጄ ፈንታሁን ክርስቲያን ነው። በጾም ቀን ሥጋ የለም፤ ስለዚህ ማን አረደው ሳንባባል ከአንድ ትሪ እንበላለን። እንዲህ ያለውን ስሌት ነጋዴ ነው የሚያውቀው።

የዚያን ቀን ሦስት ጉዳይ ነበረኝ። ዳባት ላይ ቄስ ንጉሤ ያዘዙኝን ጥላ ማድረስ፣ ደባርቅ ላይ ከፈንታሁን አምስት ማዳበሪያ ነጭ ሽንኩርት መግዛት፣ ለራሱ ለፈንታሁን ደግሞ አንድ ትልቅ ጓጉንቸር ማስረከብ። ጓጉንቸሩ ለታናሽ ወንድሙ ለአስማረ ክፍል ነው። አስማረ መተማ በረሃ ለሰሊጥ ሥራ ወርዷል፤ ሲመለስ ይዳራል። ፈንታሁንም ከጓሮው የቆርቆሮ ክዳን ክፍል ሠርቶለት የቀረው የበሩ መቆለፊያ ብቻ ነበር።

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ከጎንደር

አውቶቡሱ አሥራ ሁለት ብር አስከፍሎ፣ ለሁለት ሰው በተሠራ ወንበር ሦስት አድርጎ አስቀመጠን። ጥላው ወርቃማ ዘርፍ ያለው የቤተ ክርስቲያን ጥላ ስለሆነ ጣሪያ ላይ እንዲጫን አልፈቀድኩም፤ ታቅፌው ተቀመጥኩ። አጠገቤ አምባ ጊዮርጊስ የምትወርድ ሴት ነበረች። ጥላውን አየችና አንገቷን ደፋ አደረገች።

"ይባርኩኝ አባቴ።"

"ያሲን እባላለሁ እናቴ።"

እኔን አየችኝ፣ ጥላውን አየችው። "እንግዲህ እግዜር በሁሉም ያሠራል" ብላ ወደ መስኮቱ ዞረች።

ኮሶዬ ላይ ገደሉ በጉም ተሞልቶ ሜዳ መስሎ ነበር። አምባ ጊዮርጊስ ላይ ሻይና ዳቦ በአንድ ብር በላን። ከዚያ በኋላ አቧራ፣ ገብስ፣ አቧራ።

ሦስት ሰዓት ላይ፣ ዳባት

ቄስ ንጉሤ የፈንታሁንና የአስማረ እናት ወንድም ናቸው። ይህን ጥላ ዓመት ሙሉ ሲጠብቁ ኖረዋል፤ በየወሩ "ዘርፉ ወርቃማ ይሁን፣ ቢጫ እንዳታመጣ" እያሉ ያስጠነቅቁኝ ነበር። ያን ቀን ግን ተቀብለው ሳይከፍቱት ከግድግዳው አስደገፉት።

"ልጄ ያሲን፣ ተቀመጥ። ዛሬ ፈንታሁን ዘንድ ነህ?"

"አዎ አባ።"

"አስማረ አርፏል። ወባ ነው። እዚያው በረሃ ቀብረውታል። ትናንት ማታ አንድ ሾፌር ነግሮን አለፈ።"

ጓጉንቸሩ ከቦርሳዬ ውስጥ ሲከብደኝ ተሰማኝ።

በእኛ አገር መርዶ መንገድ ላይ አይጣልም። ሽማግሌዎችና ዘመድ ተሰብስበው ጎህ ሲቀድ ከሰውዬው ቤት ይደርሳሉ፤ ሲወድቅ የሚይዘው፣ ሲያለቅስ አብሮት የሚያለቅስ ሰው ከብቦት ነው የሚነገረው። ከዚያ በፊት ከሰው አፍ ቢሰማ ለቤተ ዘመዱ ነውር ነው።

"ነገ ማለዳ እንደርሳለን" አሉኝ ቄሱ። "እሱ ሐሙስ ሐሙስ በጠዋት ጃናሞራ ይወጣል፤ አስቀርልን። ከቆላ የሚመጡ ሾፌሮችም እንዳያገኙት። ፊትህን ደግሞ አስተካክል።"

"አባ፣ ነጋዴ ነኝ እኮ። ስዋሽ ነው የኖርኩት።"

አልሳቁም። "ይሄ ውሸት አይደለም። አደራ ነው።"

ስድስት ሰዓት፣ ደባርቅ

በአይሱዙ ላይ ቆሜ ደረስኩ። ፈንታሁን ከሽንኩርቱ ክምር አጠገብ ሆኖ ከሩቅ ለየኝ።

"አንተ ቀማኛ! እስካሁን አልታሰርክም?"

"አንተ ሳትመሰክርብኝ ማን ያስረኛል?"

"ጓጉንቸሩስ?"

"ረሳሁት።"

ትንሽ አየኝና "ይሁን" ብሎ ለምሳ ይዞኝ ሄደ። ሚስቱ ጌጤ ሽሮውን ከማቅረቧ በፊት ክፍሉን ካላየህ ብላ በእጄ ጎተተችኝ። ወለሉ ገና መለቀለቁ ነው። አልጋው ከሌላው አልጋ አንድ ስንዝር ይረዝማል።

"አስማረ ሎጋ ነው። እግሩ ከአልጋ እየተረፈ ነው ያደገው፤ ለእሱ ብለን አስረዘምነው። ይበቃዋል?"

"ይበቃዋል" አልኩ። በዚያ ቀን የከበደኝ ይህ ቃል ነው።

ምሳ ላይ "ነገ ጃናሞራ ይቅርብህ፤ ሽንኩርቱን በጠዋት አብረን እንጫን" አልኩት። ፈንታሁን እንጀራውን ቆርሶ እያየኝ አኘከ።

ስምንት ሰዓት ላይ ገበያ ተመለስን። ገና እንደቆምን ቀይ የቆላ አቧራ የለበሰ መኪና መጥቶ ከፊታችን ቆመ። ሾፌሩ ወርዶ ጎማውን በእግሩ መታ መታ አደረገና ዞር ዞር ብሎ ሰው መፈለግ ጀመረ። ፈንታሁንን በትከሻው ይዤ ወደ ክምሩ አዞርኩት።

"ና፣ ዋጋ እንጨርስ።"

"ማዳበሪያው መቶ ሃምሳ።"

የእኛ ወግ የታወቀ ነው። እሱ መቶ ሃምሳ ይላል። እኔ ሰማንያ እላለሁ። እሱ በታቦቱ ይምላል፤ እኔ ተቆጥቼ በቅሎ እስከሚታሰርበት ድረስ እሄዳለሁ፤ እሱ ይጠራኛል። መቶ አሥር ላይ እንጨባበጣለን። የዚያን ቀን ዓይኔ ሾፌሩ ላይ ነበርና፣

"እሺ" አልኩ።

"ምን አልክ?"

"እሺ። መቶ ሃምሳ።"

በእጁ የያዘውን ሽንኩርት ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

"ያሲን፣ እስከ ዛሬ ለኔ እሺ ብለህ ታውቃለህ?"

"ደክሞኝ ነው።"

"የሰው ዕቃ ረስተህስ ታውቃለህ?" እሱ ወደ መኪናው እያየ ቀጠለ። "ዳባት ወርደሃል?"

"ወርጃለሁ።"

"አባ ጥላውን ከፈቱት?"

"አልከፈቱትም።"

ዓመት ሙሉ የጠበቁትን ጥላ። ፈንታሁን ማዳበሪያው ላይ ቁጭ አለ።

"አትንገረኝ" አለኝ፣ ልናገር አፌን የከፈትኩ ይመስል። "ካንተ አልሰማም። አባ በዚያ ዕድሜያቸው በብርድ ሊመጡ ነው፤ ቀድሜ አውቄያለሁ ብዬ አላሳፍራቸውም። ጌጤም ዛሬን ትተኛ።"

ሾፌሩ ሻይ ቤት ገባ። ፈንታሁን ተነሥቶ ልብሱን አራገፈ።

"በል አሁን ተከራከረኝ። ሰው እያየን ነው።"

"ሰማንያ" አልኩ። ድምፄ አልወጣም።

"ጮክ በል!"

"ሰማንያ! አንተ ቀማኛ!"

"በሰማንያማ ልጣጩንም አታገኝ! በታቦቱ!"

ዓይኑ ሞልቶ ነበር። ከጎናችን ድንች የምትሸጠዋ ሴት "እነዚህ ደግሞ ጀመራቸው" ብላ ሳቀች። በቅሎ እስከሚታሰርበት ሄድኩ። ጠራኝ። በመቶ አሥር ተጨባበጥን፤ እጄን ከወትሮው አቆይቶ ለቀቀው።

ወደ ቤት ስንሄድ "ጓጉንቸሩን ስጠኝ" አለኝ። የሞተው ማን እንደሆነም እንደገባው ያወቅሁት ያኔ ነው። ፀሐይ ሳትጠልቅ በበሩ ላይ ሁለት ቀለበት በምስማር መታ፣ ጓጉንቸሩን አንጠለጠለ፣ ቆለፈ። ጌጤ እልል አለች። እሱ ቁልፉን ኪሱ ከተተ።

ሐሙስ፣ ጎህ ሲቀድ

ስነቃ ፈንታሁን ለብሶ መደቡ ላይ ተቀምጦ ነበር። ከውጭ የብዙ ሰው ኮቴ ተሰማ። ቶሎ ብሎ ተጋደመ፣ ጋቢውን እስከ ራሱ ተከናነበ። በሩ ሲንኳኳም እንቅልፍ በያዘው ድምፅ "ማነው?" አለ።

ቄስ ንጉሤ ከስድስት ዘመድ ጋር ገቡ። ቆመው፣ ጊዜ ወስደው፣ ነገሩት። ከደረቱ የወጣው ጩኸት ግን የማስመሰል አልነበረም። ለካ ማወቅና መስማት ይለያያል። ሁለት ሰው ይዞት ነው ያልወደቀው። አንዱ እኔ ነበርኩ።

ለቀስተኛው ሲበዛ ቤቱ ጠበበ። ፈንታሁን ተነሥቶ ከኪሱ ቁልፉን አወጣና የአስማረን ክፍል ለእንግዶች ከፈተ። ቄሱ በዚያ ረጅም አልጋ ጫፍ ተቀመጡ።

መልስ

ሦስት ቀን ከተቀመጥኩ በኋላ ከአምስት ማዳበሪያ ሽንኩርት ጋር ጎንደር ገባሁ። ባለቤቴ "ለምን ቆየህ?" አለችኝ። ነገርኳት። ሽንኩርቱ ሳይጫን ሰንብቶ ማቆጥቆጥ ጀምሯል፤ ስለ እሱ ምንም አላለችም።

ከዚያ ወዲህ ሱቄ መጥቶ የጠራሁትን ዋጋ ሳይከራከር እሺ የሚለኝ ደንበኛ ሲያጋጥመኝ ብሩን ቶሎ አልቀበልም። በርጩማውን ወደ እሱ ገፋ አድርጌ "ቤት ደህና ነው ወይ?" እለዋለሁ።