ድስት የወሰዱ እናት

ደርግ በነበረበት ዘመን ነው፤ ሮም በሰው ቤት እሠራ ነበር። ዛሬ የልጅ ልጆች አሉኝ፤ በሰው ላይ ቶሎ ሲፈርዱ በሰማኋቸው ቁጥር ይህ ነገር ትዝ ይለኛል።

ያኔ የማርያም ማኅበር ነበረን። ታደሰ የሚባል ጸሐፊያችን የማኅበሩን ወሬ በየወሩ አባዝቶ ያድለናል፤ ጋዜጣ እንለዋለን። ከፍልሰታ በኋላ ሁላችንም በባቡር ኦስቲያ ወርደን ባሕር ዳር ጾም ፈታን። ቀጥሎ በወጣው ጋዜጣ ላይ እንዲህ ተጻፈ፦ «የማኅበሩን ትልቁን ድስት ከኦስቲያ ይዘው የሄዱ አንዲት እናት እስከ ዛሬ አልመለሱም።»

ስሜ የለም። ግን በዚያ ባቡር ድስት ታቅፌ የተመለስኩት እኔ ብቻ ነኝ፤ ሁሉም አይቷል። እኔ ደግሞ በዕረፍቴ ቀን፣ ሐሙስ፣ አጥቤ መልሻለሁ ባይ ነኝ። ይባስ ብሎ በመጪው እሑድ የማኅበሩ ዕቃ ጠባቂ ሆኜ ልመረጥ ነው። ድስት የበላች ሴት ማን ዕቃ ያስጠብቃታል?

አሠሪዬ ለንደን ውስጥ ለጋዜጦች ሲከራከሩ ኖረው ጡረታ የወጡ እንግሊዛዊ ጠበቃ ነበሩ፤ በጣልያንኛው «ሲኞሬ»፣ ጌታዬ፣ እላቸዋለሁ። ሸሚዛቸውን እየተኮስኩ ታደሰን ልከሰው ነው አልኳቸው።

«አሎራ፣ እንግዲያስ» አሉ ሲኞሬ ደስ ብሏቸው። «በእኛ ሕግ ስምሽ ባይጻፍም ሰው አንቺ መሆንሽን ካወቀ ይበቃል። ጋዜጣው ግን መከላከያ አለው። የጻፍኩት እውነት ነው ሊል ይችላል፤ ያን ጊዜ ማስረጃ የሚያመጣው እሱ ነው።»

«ይህስ ሕግ ነው። ሌላስ?»

«አስተያየቴ ነው ይላል። ወይም በስብሰባ የተባለውን ነው ሳላጣምም የጻፍኩት ይላል። ሁሉም ካልሆነለት ይቅርታ ቢጠይቅ ይሻለዋል።»

እሑድ ፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳ አጠገብ በተከራየነው አዳራሽ ተነሣሁ። «ታደሰ፣ ማስረጃህን አምጣ።»

«እትዬ በላይነሽ፣ ስምዎን መቼ ጠራሁ?»

«ታዲያ ሰዉ ሁሉ ለምን እኔን ያያል?»

ሰዉ ሳቀ። ታደሰን ላብ አጠመቀው። «እኔ እንኳ እንደ አስተያየት...»

«አስተያየት ማለት ወጡ ጨው በዛበት ስትል ነው። ድስት ወይ ተወስዷል ወይ አልተወሰደም።»

«ስብሰባ ላይ የተባለውን ነው የጻፍኩት።»

ቃለ ጉባኤው ይነበብ አልኩ። ተነበበ። «ትልቁ ድስት አልተገኘም» ይላል እንጂ እናት የምትባል የለችበትም። ታደሰ እዚያው ቆሞ ይቅርታ ጠየቀኝ፤ ዕቃ ጠባቂም ሆኜ ተመረጥኩ።

ይቅርታው በሚቀጥለው ወር ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ለሲኞሬ ላሳያቸው ሮጥኩ። በረንዳው ላይ ነበሩ። አትክልቴን ትረግጪያለሽ እያሉ ወደዚያ አያስወጡኝም፤ ያን ቀን ግን ሳላስፈቅድ ገባሁ። አዲስ የሎሚ ችግኝ ውኃ ያጠጣሉ። የተተከለው በትልቁ ድስት ውስጥ ነው።

«ወጥ ቤት ጥግ አግኝቼው፣ የምትጥዪው መስሎኝ» አሉ። «ውኃው እንዲወርድ ታችውን በስቼዋለሁ።»

ከኦስቲያ ስመለስ የማኅበሩን ትንሽ ድስት በትልቁ ውስጥ ከትቼ ነበር የያዝኩት፤ ለካ ሐሙስ የመለስኩት ትንሹን ብቻ ኖሯል።

«እንግዲያው ታደሰ የጻፈው እውነት ነው» አልኩ።

ሲኞሬ ማጠጫውን አስቀመጡ። «እሱ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«እንግዲያው ዝም በይ።» ጠበቃ አይደሉ።

ሎሚውን ነቅዬ ድስቱን በአውቶቡስ ታደሰ ቤት ወሰድኩት። አገላብጦ በቀዳዳው በኩል አየኝ።

«እውነትህን ነበር፤ ጻፈው» አልኩት።

«እትዬ፣ በዚህ ድስት ይቅርታ ጠይቄ ጨርሻለሁ። ሁለተኛ አልነካዎትም።»

ሳይጽፍ አልሄድም ብዬ የጽሕፈት መኪናው አጠገብ ተቀመጥኩ። ቢጨንቀው ጻፈ። አሁንም «አንዲት እናት» ብሎ ጀመረ። ስሜን አስገባበት አልኩት።

ሲኞሬ አዲስ ድስት ገዙልን። ዕቃ ጠባቂነቱን ልልቀቅ ብልም ማኅበርተኞቹ እምቢ አሉ፤ እንዲህ የምትጮህ ጠባቂ ከየት እናገኛለን አሉ።

ያን እሑድ በክርክር ረትቼዋለሁ፤ እውነቱ ግን ከእሱ ጋር ነበር። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ያላበው ፊቱ እስከ ዛሬ አይጠፋኝም። በዕድሜ እበልጠዋለሁ፤ መንገድ ላይ ስንገናኝ ግን ቀድሜ ሰላም የምለው እኔ ነኝ።