ልጄ በማላውቃቸው ሴት ጉልበት ላይ የቀመሰች ለት

የዛሬ ሁለት ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት... ከሮቤ ወደ ጎባ በሚሄደው ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ ልጄን ታቅፌ ተቀምጫለሁ፤ ለሆስፒታል ቀጠሮዋ ነው የምንሄደው። ሲፈን ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። አፍንጫዋ ውስጥ የገባ ቀጭን የምግብ ቱቦ አላት፤ ጫፉ ጉንጯ ላይ በፕላስተር ተለጥፏል። የሚሳፈረው ሰው ሁሉ መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ እኔን ያያል። እኔም ሻርፔን ጎተት አድርጌ ፊቷን እሸፍናለሁ።

ሲፈን በሰባት ወሯ ነው የተወለደችው። ጡት መሳብ አቃታት፤ በኋላም የምትውጠው ወደ ሳንባዋ እየገባ ስላሳመማት በቱቦ ሆነ። ወተቱን በሲሪንጅ ቀስ እያደረግኩ የምሰጣት እኔ ነኝ። ፕላስተሩን የምቀይረው እኔ ነኝ። ነቅላ ስትጥለውም ነርሷ ባስተማረችኝ መሠረት መልሼ የማስገባው እኔው ነኝ። እሷ ትጮሃለች፣ እኔ አለቅሳለሁ፣ ቱቦው ይገባል።

ባለፈው ቀጠሮ ሐኪሙ መርምሯት «ጉሮሮዋ አሁን ደህና ነው። መዋጥ ትችላለች፤ የቀራት መልመድ ብቻ ነው» አለኝ። የቱቦውን ወተት ቀስ በቀስ እየቀነስን ምግብ እንድናቀርብላት፣ እንድትነካካው፣ እንድትጫወትበት ነገረን። ግን በፍጹም እንዳናስገድዳት አስጠነቀቀን።

ሦስት ሳምንት ሙሉ አጥሚት፣ የተፈጨ ድንች፣ ሙዝ... ያላቀረብኩላት የለም። ከንፈሯን ግጥም አድርጋ ፊቷን ታዞራለች። ወተቱ ቀንሷል፣ እሷ አትበላም፣ ልብሷ ሰፋባት። ጎረቤት በመጣ ቁጥር «ውይ፣ ከሳች እኮ!» ይለኛል። የማላውቀው ነገር ይመስል!

ከዚያ ማክሰኞ በፊት በነበረው እሁድ ትዕግሥቴ አለቀ። ባለቤቴ ደረጀ ቤት አልነበረም። እጆቿን በክንዴ ጥፍንግ አድርጌ ያዝኩና አገጯን ጫን ብዬ አፏን ከፈትኩት። አጥሚቱን በማንኪያ ጨመርኩባት።

ትን አላት። ሳለች... ከዚያ ሳሉም ጠፋ። ከንፈሯ ጠቆረ። ደፍቼ ጀርባዋን መታሁ፣ መታሁ... በመጨረሻ ወጣላትና መጮህ ስትጀምር እኔ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

ለደረጀ አልነገርኩትም። ለማንም አልነገርኩም። ከዚያ ቀን ወዲህ እጄ ላይ ማንኪያ ካየች ታለቅሳለች። ሚኒባሱ ውስጥም ነርሷ ብትጠይቀኝ የምዋሸውን ውሸት እያሰናዳሁ ነበር።

አጠገቤ የተቀመጡት አንዲት ትልቅ ሴት ናቸው። ከዲንሾ መጥተው ጎባ የወለደች ልጃቸውን ሊጠይቁ ይሄዳሉ። ጉልበታቸው ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ ሳህን ይዘዋል፤ ጭኮ ነው። በቅቤ የታሸው የገብስ ዱቄት ሽታው ሚኒባሱን ሞልቶታል። ሲፈንን አይተው አልደነገጡም፣ ከንፈራቸውንም አልመጠጡም።

«ኢንታለ ኮ፣ ልጄ... ስምሽ ማነው?» አሏት። ሳቀችላቸው። «ማሻአላህ! እስቲ አምጪልኝ፣ አንቺ ደክሞሻል» ብለው ተቀበሉኝ።

እውነትም ደክሞኝ ነበር። ጭንቅላቴን መስኮቱ ላይ አስደግፌ ዓይኔን ጨፈንኩ። ትንሽ ቆይቼ ዞር ስል ጨርቁ ተገልጧል፤ ሲፈን ጣቷን ጭኮው ውስጥ ከታዋለች። ጣቷን አየችው... አየችውና ወደ አፏ ወሰደችው።

«እማማ፣ ኧረ አይሆንም! ያንቃታል!» ብዬ ጮህኩና እጄን ወደ አፏ ሰደድኩ።

እጄ ገና ሳይደርስባት አፏን ግጥም አደረገች። ፊቷን የሴትዮዋ ደረት ውስጥ ቀበረች። ትንቀጠቀጥ ነበር። ሰው ሁሉ ዞሮ አየን።

ሴትዮዋ ጀርባዋን እያሻሹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አትቆጪኝ ልጄ... ይቺ ልጅ የፈራችው ምግቡን አይደለም። እጅሽን ነው» አሉኝ።

እጄን ሰብስቤ ጭኔ ስር ደበቅኩት። ሲፈን ቀስ ብላ ቀና አለች፣ በጎን አየችኝ፣ ከዚያ ጣቷን እንደገና ነከረች። ላሰችው። ዋጠች። አላነቃትም። እኔም በመስኮቱ በኩል የመንገድ ዳሩን የገብስ ማሳ ማየት ጀመርኩ፤ እንባዬን እንዳያዩብኝ።

ጎባ ስንደርስ ነርሷ «እሺ፣ በአፏ ምን ወሰደች?» አለችኝ። ያዘጋጀሁት ውሸት ጠፋብኝ። የሚኒባሱን ነገርኳት፣ የእሁዱንም ነገርኳት... ሁሉንም።

አልጮኸችብኝም። መጀመሪያ ሳንባዋን አስመረመረችልኝ፤ ደህና ነው። ከዚያ ቁጭ ብላ «ቱቦውንም፣ ፕላስተሩንም፣ ሲሪንጁንም የምትነኪው አንቺ ነሽ። እጅሽ ወደ ፊቷ ሲመጣ የምታውቀው ሕመም ነው። ለጊዜው የምታበላት ሌላ ሰው ይሁን» አለችኝ።

ማታ ለደረጀ ነገርኩት። ተነስቶ አጥሚቷን ራሱ ሠራ።

አሁን የሚያበላት እሱ ነው። ምግብ ሲቀርብ እኔ ወደ ግቢ እወጣለሁ፤ ካየችኝ አፏን ትዘጋለች። ልብስ ማስጫው ገመድ ስር ቆሜ ጆሮዬን አቆማለሁ። መጀመሪያ ሁለቴ ላሰች፣ ከዚያ አምስቴ፣ ትናንት ግማሽ ስኒ አጥሚት ጨረሰች። ደረጀ በመስኮት «ዋጠች!» እያለ ይጮህልኛል። የቱቦው ወተት እንደገና ቀንሷል፤ በዚሁ ከቀጠለች ቱቦውም ይወጣል ተብለናል።

ደስ ብሎኛል፣ እግዚአብሔር ያውቃል። ግን ሁለት ዓመት ያህል በሕይወት ያቆየኋት ልጅ ከሁሉም እጅ ትበላለች፤ ከኔ እጅ ብቻ አትበላም።

ሰው ሁሉ «ልጅ ቶሎ ይረሳል» ይለኛል። እሷስ ትርሳው... እኔ እንደሆንኩ አልረሳውም።