እትዬ የሺሃረግ ባሕር ያዩ ዕለት

በመጀመሪያ ይቅርታ። እኔ የምጽፍ ሰው አይደለሁም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፣ እሱም ሦስት ወር ብቻ፤ ከዚያ ውኃ ቅጂ ተብዬ ወጣሁ። ማክሰኞ ማክሰኞ ቤተ መጻሕፍት የምንሰበሰበው ሴቶች "እያንዳንዳችን ስለምናውቀው አንድ ሰው እንጻፍ፣ አንድ ላይ ይጠረዛል" ሲባባሉ እኔ ሽንት ቤት ገብቼ ቆየሁ። ብዕር ስይዝ እጄ ያልበዋል። በአፌም ቢሆን ብዙ አልናገርም። ግን አንዲት ሰው አለችኝ፣ አለችኝ ስል አሉኝ፣ ስለ እሳቸው ሳልጽፍ ብቀር የሚከነክነኝ። እሳቸውም "ጻፊው፣ ብቻ አታስረዝሚው" ብለው ፈቅደውልኛል። ስሕተቴን አይታችሁ አትሳቁብኝ። ብትስቁም ቀስ ብላችሁ።

እኚህ ሰው እትዬ የሺሃረግ ናቸው። አስኮት ቬል በሚባለው ሰፈር የመንግሥት ቤቶች ውስጥ እኔ ሁለተኛ ፎቅ ነኝ፣ እሳቸው ከኔ በላይ ሦስተኛ። ስለዚህ ኮቴያቸውን ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። ሰው ሲያርፍ እሳቸው ሶፋ ይገፋሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቆመው ነው የሠሩት፦ መጀመሪያ ዶሮ ፋብሪካ ዐሥራ ሁለት ዓመት፣ ቀጥሎ የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ዐሥራ አምስት ዓመት፣ ሁለት ሺፍት እየደረቡ። ፔንሽን ከወጡ ሁለት ዓመታቸው ነው፣ እግራቸው ግን ፔንሽን መውጣቱን አልሰማም። ዛሬ ሶፋው መስኮት ሥር ነው፣ ነገ በር አጠገብ፣ ከነገ ወዲያ ቁም ሣጥኑ ሳሎን ይገባል። ልጃቸው ቅድስት ነርስ ናት፤ ከሥራ መልስ ልትጠይቃቸው ስትመጣ ጉልበቷን እየተመታች "ማም! ሶፋው አጌይን?" ትላለች።

"ታዲያ ምን ላድርግ? ቁጭ ብዬ ልጠብቅ?" ይላሉ። ምን እንደሚጠብቁ አይናገሩም።

ደሴ የሚኖሩ ታላቅ ወንድም ነበሯቸው፣ ጋሼ ወንድማገኘሁ። በወጣትነታቸው አሰብ ወደብ ክሬን ላይ ይሠሩ ነበርና "ነይና ባሕር ላሳይሽ" እያሉ ለእህታቸው ደብዳቤ ይልኩ ነበር። እትዬ የሺሃረግ ግን አሰብ ሳይደርሱ ነገሩ ሁሉ ተበጠበጠ፣ በእግራቸው ሱዳን ገቡ፣ ከሱዳን ወደዚህ። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ከወንድማቸው ጋር በቪዲዮ ይገናኛሉ። የወንድማቸው የመጀመሪያ ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነበር።

"አንቺ፣ ዙሪያውን ባሕር በሆነ አገር እየኖርሽ እስካሁን ባሕር አላየሽም?"

"ባሕር ማየት ሥራ የፈታ ሰው ነገር ነው!" ይሏቸው ነበር እየሳቁ። እውነታቸውን ነው። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ከባቡር መስኮት ሩቅ ሰማያዊ ነገር ከማየት በቀር አንድ ቀን ወርደው አላዩም።

አምና ጥቅምት ላይ፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ የእድራችን ሰብሳቢ ጋሼ ተስፋሚካኤል ሜልተን ሰፈር ያለው ቤታቸው ጠሩኝ። ስገባ ቅድስት ዓይኗ አብጦ ተቀምጣለች። ያኔውኑ ገባኝ። ጋሼ ወንድማገኘሁ ዐርፈዋል።

"መርዶው ቅዳሜ ጠዋት ነው" አሉ ጋሼ። "የእትዬ ወንድ ልጅ ከፐርዝ ነገ ማምሻውን ይገባል። እስከዚያ ማንም እንዳይነግራቸው። ስልካቸውን ቅድስት መስታወቱን ላሠራ ብላ ወስዳለች። አንቺ ደግሞ ነገ ቀኑን ሙሉ ከቤት ታርቂያቸዋለሽ።"

"እኔ?" አልኩ።

"መኪና ገዝተሽ የለ?"

"ሌላ ሰው ቢሆን..."

"የሌላው ሰው አፍ ወንፊት ነው። አንቺ ስትናገሪ ማን ሰምቶ ያውቃል?"

ዝምታዬ ለቁም ነገር ሲፈለግ የመጀመሪያው ነው። ቢያመልጠኝ እትዬ የሺሃረግ የወንድማቸውን ሞት መንገድ ዳር ሊሰሙ ነው፣ ልጆቻቸው ሳይኖሩ፣ ደግፎ የሚይዛቸው ሰው ሳይኖር። ይህን ደግሞ ማንም ሰው ይቅር አይልም፣ እኔም ብሆን አልልም። ባያመልጠኝም ቀኑን ሙሉ ፊታቸውን እያየሁ መዋሸት ነው። ቤቴ ገብቼ ቆሜ በላሁ፣ ቆሜ ሻይ ጠጣሁ። ከላይ የሶፋው ድምፅ ይሰማኛል።

ቅዳሜ በማለዳ ጋሼ ቤት ተሰብስበን ነው የምንሄደው ስለተባለ፣ እንዳልረሳው ብዬ ነጠላዬን ከመኪናው ኋላ ወንበር ላይ አስቀመጥኩ። ዓርብ ጠዋት በራቸውን አንኳኳሁ።

"እትዬ፣ አዲሷን መኪናዬን ይመርቁልኝ። ረጅም መንገድ ልሞክራት ነው።" አዲስ ስል ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው።

"ምርቃቱ እዚሁ አይሆንም? ቁም ሣጥኑን ጀምሬዋለሁ እኮ።"

"ባሕር አሳይዎታለሁ።" ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም።

ቆም አሉ። "ወንድማገኘሁ ነው የላከሽ?" አሉና ሳቁ። እኔ መሳቅ አቃተኝ። ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር ፈታሁና መልሼ አሰርኩ።

ቶርኪ የሚባል የባሕር ዳር ከተማ ልወስዳቸው ነበር ሐሳቤ፣ ሁሉም ሰው እንግዳ ሲመጣበት የሚወስድበት ቦታ ነው። መንገዱን የሚመራኝ ስልኬ ነው፣ ከመኪናው ድምፅ ማጉያ ጋር ተያይዟል። እኔ እንደሆን ሰሌዳውን አንብቤ ሳልጨርስ አልፌው እሄዳለሁ። ዌስት ጌት ድልድይን ወጥተን እትዬ "ኧረ ቀስ በይ፣ ገና አልመረቅኋትም" እያሉ ሳለ ስልኩ ጠራ። መኪናዋ ራሷ አነሳችው።

"ተረፈች!" አሉ ጋሼ ተስፋሚካኤል ስሜን ጠርተው፣ ድምፃቸው መኪናዋን ሞላት። "ልጅየው በዐሥራ አንድ ሰዓት ይገባል። ሴትዮዋ እስካሁን ምንም..."

ዘጋሁት።

"የትኛው ልጅ ነው?" አሉ እትዬ።

"ዕቃ አዝዤ ነበር። የዴሊቨሪ ልጅ ነው።"

"ሴትዮዋስ?"

"እኔ ነኝ።"

"ተስፋሚካኤል ደግሞ ከመቼ ወዲህ ዴሊቨሪ ገባ?" አሉና ወደ መስኮቱ ዞሩ። እኔ ስልኩን ጨርሼ አጠፋሁት። ሌላ ምን ላድርግ?

ስልኩ ሲጠፋ መንገዱም ጠፋኝ። ጂሎንግ ከተማን አልፈን የት ጋ እንደታጠፍኩ እንጃ፣ ሜዳ ብቻ ሆነ፣ በግና የሽቦ አጥር። ልመለስ ብል ቶሎ ቤት መግባት ሊሆንብኝ ነው፣ ልሂድ ብል ወዴት? መሪውን አጥብቄ ከመያዜ ጣቴ ደነዘዘ። እትዬም ወንበራቸው ላይ አላረፉም፤ ቀበቶውን ያላላሉ፣ ያጠብቃሉ፣ መስኮት ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ።

"ጠፋሽ እንዴ?"

"አልጠፋሁም።"

"ብትጠፊም ግድ የለም። ዓርብ ባይሆን ዓሣ ታበዪኝ ነበር።"

"ዓሣ በጾም ይበላል እንዴ?"

"ተስፋሚካኤል ይበላል ይላል፣ እኔ አይበላም እላለሁ፣ ቅድስት ዓርብ መሆኑንም አታውቅ።"

ይህን እያሉ ትንሽ ዳገት ወጣን፣ ከዳገቱ ጫፍ ሜዳው በአንድ ጊዜ አለቀ። ከታች ባሕሩ እንደታጠፈ ክንድ ሆኖ ገብቷል። ዳሩ ላይ አረንጓዴ ነው፣ ራቅ ሲል ሰማያዊ፣ ከዚያም በላይ ሲሄድ የሚጠቁር። በክንዱ ውስጥ መንደር አለች፣ ሠላሳ ቤት ብትሆን ነው፤ ነጭ ቤት፣ ቢጫ ቤት፣ ጣራቸው ቆርቆሮ፣ እንደኛ አገር ቆርቆሮ። ትልልቅ ጥድ ቆሟል። ውኃው ውስጥ የገባ አሮጌ የእንጨት መረማመጃ አለ፣ ትንንሽ ጀልባዎች ታስረውበታል። ሰው የለም ማለት ይቻላል። እንዲህ ያለ ቦታ ይኖራል ብሎ የነገረኝ የለም። ስሟን ዛሬም አላውቀውም፣ ሰሌዳዋን አንብቤ አልጨረስኩም።

"በስመ አብ" አሉ እትዬ። "ይሄ ሁሉ እዚህ ነበር?"

ወረድን። አንድ የፈረንጅ ሽማግሌ መረማመጃው አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ዓሣ ያርዳል፤ የሆድ ዕቃውን ወደ ውኃው ሲወረውር ከሥር አንድ ጥቁር ሰፊ ነገር ክንፉን እያርገበገበ መጥቶ ወሰደለት።

"ይሄ ዓሣ ነው ምንጣፍ?" ብለው እትዬ ጮኹ። ሽማግሌውም ሳቀ፣ ምን እንዳሉ ባይገባውም። እሳቸው እንዲያ እንደ ልጅ ሲስቁ አይቼ አላውቅም። ሲስቁ ባየሁ ቁጥር እንደሰረቅኋቸው ይሰማኛል።

ከዚያ የፈራሁት መጣ።

"ተረፉ፣ ስልክሽን ክፈቺልኝ። ወንድማገኘሁ ይህን ሳያይ አልሄድም። ሠላሳ ዓመት ሲሰድበኝ ኖረ፣ ዛሬ ላሳየው።"

"ባትሪው አልቋል።"

"ቻርጀር የለሽም?"

"ረሳሁት።"

አንድ ጊዜ አዩኝ። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ሄዱ። "ማይ ብራዘር" አሉት፣ "አይ ሾው ሂም" አሉት ባሕሩን እያመለከቱ። ሽማግሌው እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ስልኩን አወጣና ሰጣቸው። ቁጥሩን በቃላቸው ያውቁታል። እኔ መሬቱ ቢውጠኝ በወደድኩ። ነፋሱ በርትቷል፤ በርዶኝ ወደ መኪናው ሮጬ ነጠላውን ከኋላ ወንበር አነሳሁና ለበስኩት። ምን ብዬ እንደማስቆማቸው እያሰብኩ ተመለስኩ።

እትዬ ቁጥሩን እየነኩ ቀና አሉ። ጣታቸው ቆመ።

ፊቴን አላዩም። የሚያዩት ትከሻዬን ነው። እኔም ጎንበስ ብዬ አየሁ። ነጠላውን አዘቅዝቄ ለብሼዋለሁ፣ ጥለቱ አንገቴ ላይ ነው፣ ልክ ለቅሶ ቤት እንደሚገባ ሰው። እጄ ነው፣ ልቤ የዋለበትን እጄ ሠራው። ላስተካክለው ብዬ ያዝኩት፣ ላስተካክለው ብሞክር ይብሳል ብዬ ለቀቅኩት።

ስልኩን ለሽማግሌው መለሱለት። "ሳንክዩ" አሉት። ወደ እኔ ዞረው "ቁጥሩ ጠፋኝ" አሉ።

መጥተው ፊቴ ቆሙ። ነጠላውን ከትከሻዬ አነሱ፣ ገለበጡት፣ ጥለቱን ወደ ታች አድርገው በደንብ አለበሱኝ፣ እንደ ልጅ።

"ይሄ ለነገ ነው" አሉኝ። "ዛሬ ብርድ ነው። ምንም እንዳትነግሪኝ፣ እሺ? ዛሬ ባሕር ነው የማየው።"



ጫማቸውን አውልቀው መረማመጃው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። እኚያ መቀመጥ የማይችሉ ሰው ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቀመጡ። እኔ ነኝ መቀመጥ ያቃተኝ፤ እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ፣ ጠጠር አነሳለሁ፣ እጥላለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለኔ ይሁን ለማን እንጃ፣ "ጨው ጨው ይሸታል ብሎኝ ነበር" አሉ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ከአንዲት ሱቅ የተጠበሰ ድንች ገዛሁ፣ ግማሹን ለአሞራዎቹ ሰጡት። ስንመለስ ሽማግሌው መንገዱን በጣቱ አሳየኝ፤ ያሳየኝን እንዳልረሳ በልቤ እየደጋገምኩ ነዳሁ። በራቸው ላይ ስንደርስ "መኪናሽ ተመርቃለች" ብለው ገቡ።

በማግሥቱ ማለዳ ሰባት ሆነን አንኳኳን፣ ወንድ ልጃቸውም ከፊት ነበር። እትዬ የሺሃረግ በቤት ልብሳቸው ከፈቱ። ከኋላቸው ሳሎኑ ባዶ ነው፤ ሶፋው ኮሪደር ውስጥ ቆሟል፣ ፍራሹ ሁሉ ወጥቶ በግድግዳው ዙሪያ ተነጥፏል፣ ለብዙ ሰው የሚበቃ።

"ዛሬም ዕቃ ሲያገላብጡ አደሩ" አሉ ጋሼ ተስፋሚካኤል በሹክሹክታ። ቅድስትም "ማም..." ብላ ቀረች። ማንም ሌላ ነገር አላሰበም።

"ምነው በጠዋቱ? ደኅና ናችሁ?" አሉ እትዬ። ልጃቸውን ሲያዩ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠርገው እንደ ወጉ ተናገሩ። እትዬ ጮኹ። ጩኸቱ የማስመሰል አልነበረም፣ ይህን ደግሞ በሕይወቴ እምላለሁ። ልጆቻቸው በሁለት በኩል ያዟቸው።

ለቅሶው ረገብ ሲል ጋሼ ጠጋ ብለው "መቼም ትናንት ይቺ ልጅ ያመለጣት ነገር የለም?" አሏቸው።

"ተረፉ? እሷ መቼ ትናገራለች" አሉ እትዬ። "ዴሊቨሪ ነው አለችኝ እንጂ።"

ከዚያ ተነሥተው በሰዉ መካከል እኔ ወዳለሁበት ጥግ መጡ። ነጠላዬን ከዓርብ ጀምሮ ለመንካት ፈርቼ እሳቸው እንዳለበሱኝ ነበር ለብሼው የመጣሁት። ከትከሻዬ አነሱት፣ በእጃቸው አዘቀዘቁልኝ፣ ጥለቱን አንገቴ ላይ አደረጉና ክንዴን ይዘው አጠገባቸው ፍራሹ ላይ አስቀመጡኝ።