ሳይነገረን የቀረው መርዶ

ባለፈው ሰሞን የልጅ ልጄ የእንግሊዝኛ የቤት ሥራዋን ይዛ ከጎኔ ተቀመጠች። «ሰዎች ሀብታም ነው ይላሉ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር፣ «ሰዎች» የሚለውን አውጥቶ «ሀብታም ነው ይባላል» ወደሚል መለወጥ ነው ሥራው። እሷ እስክሪብቶዋን እያኘከች ስታስብ እኔ ከአፌ አምልጦኝ፣ «ሂ ኢዝ ሴድ ቱ ቢ ሪች» አልኋት። ስልክ እንኳ በእሷ እርዳታ የምደውለው እኔ ይህን ከየት እንዳመጣሁት ልጅቷ ጠየቀችኝ። ወጥ እንዳያርብኝ ብዬ ብድግ አልኩ። ምድጃው ላይ ግን ምንም አልተጣደም ነበር።

መቼም ቁጭ ማለት አልሆነልኝም። እናቴ «አንቺን መንገድ ላይ ነው እንዴ የወለድኩሽ?» ትለኝ ነበር። በተለይ ያን ዓመት ብሶብኝ ነበር።

ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ነው። ቤታችን ዳባት ነበር። አባታችን በልጅነታችን አርፏል፤ እናቴ ገበያ ላይ ጌሾና በርበሬ ትሸጣለች። ታላቅ ወንድሜን ጌታነህን ለብሔራዊ ውትድርና ወስደውት ኤርትራ ነው ያለው። እሱ ከሄደ በኋላ ቤቱ ጠበበኝና ደባርቅ ካልተማርኩ ብዬ እናቴን አስጨነቅኋት። ከአብሮ አደጌ ከየሺ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተን ዐሥራ አንደኛ ክፍል ገባን። የደባርቅን ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል። ድንች ቀቅለን በአዋዜ እየበላን፣ የገብስ ቆሎ እየቆረጠምን፣ አንድ ጋቢ ለሁለት ለብሰን እናጠና ነበር። ጌታነህ ከግንባር በሚመለሱ ሾፌሮች በኩል ሰላምታ ይልካል፤ አንድ ጊዜማ ለእኔ ሸራ ጫማ ልኮልኛል። ከክረምቱ ወዲህ ግን ድምፁ ጠፋ።

በዚያው በጋ ከተማው ሁሉ ደግ ሆነብኝ። በአንድ ባልዲ ውኃ ስትነታረከን የከረመችው አከራያችን ትኩስ ሽሮ ይዛልን ትመጣ ጀመር። ባለሱቁ ስኳር ሲመዝንልኝ እጁ አይሰስትም። በተጠጋሁበት ወሬ ይቋረጣል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ? የሆነ ነገር ሸቶኛል፤ ምን እንደሆነ ግን ራሴን መጠየቅ ፈራሁ። ከትምህርት በኋላ ከመኪና መቆሚያው እስከ ገበያው፣ ከገበያው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ፣ አቧራውን እያቦነንኩ ያለ ጉዳይ እመላለስ ነበር። ማታ ሲሆን እግሬ ይነድዳል።

የእንግሊዝኛ መምህራችን ከሩቅ አገር ተመድበው የመጡ፣ ካፖርት ሳያወልቁ የሚያስተምሩ ቀጭን ሰው ነበሩ። አንድ ቀን ሰው የሚለውንና የሚያምነውን በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚያወሩ ሊያስተምሩን ገቡ። ይባላል፣ ይታመናል፣ ይነገራል የሚሉትን በየተራ ሰሌዳው ላይ ጻፉና፣ በዚህ አነጋገር የተናጋሪው ስም ስለማይጠራ ማንም አይጠየቅበትም ብለው ፈገግ አሉ። ወዲያው የቀበሌው ሊቀ መንበር ልጅ ፊት ለፊታቸው መቀመጡን አስታወሱ መሰለኝ ሳል ጀመሩ። ያኔ ወሬ ያወራ ሰው «ማን ነገረህ?» ተብሎ የሚታሰርበት ዘመን ነው።

ከዚያ እያንዳንዳችን አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር እንድንሠራ አዘዙን። አንዱ ዋልያ ጨው ይወዳል ተብሎ ይታመናል አለ። ሌላው የጃናሞራ ማር መድኃኒት ነው ይባላል አለ። ተራዬ ሲደርስ ተነሳሁና፣ ወንድሜ አሥመራ እንዳለ ይታመናል የሚለውን በእንግሊዝኛ አንድም ሳልሳሳት አልኩ። ጎበዝ ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ መምህሩ ጠመኔያቸውን እያዩ ቀሩ። ልጆቹ ዓይናቸውን ደብተራቸው ላይ ተከሉ። አጠገቤ የሺ ግንባሯን ዴስኩ ላይ ደፋች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

ያኔ ገባኝ። ሁሉም ያውቁ ነበር።

የሺን ውጪ አውጥቼ ክንዷን ጨምድጄ ያዝኳት። ንገሪኝ አልኳት፤ ለመንኳት፤ በመጨረሻም ሰደብኳት። እሷ እንባዋን እየጠረገች፣ «መርዶ የእኔ አይደለም፤ አባ ይርዳውን ጠይቂ» አለችኝ። አባ ይርዳው ዳባት ያሉት የእድራችን ዳኛ ናቸው። በአገራችን የሞት ወሬ ዝም ብሎ አይወረወርም፤ ማለዳ፣ ቤተሰቡ ከቤት ሳይወጣ፣ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ሄደው ነው የሚያረዱት። እስከዚያ አገር ቢያውቅ እንኳ አፉን ይይዛል።

ደብተሬን እንኳ ሳልይዝ ወጣሁ። ገብስ የጫነ መኪና አግኝቼ ሾፌሩን ለምኜ ጆንያው ላይ ወጣሁ። ነፋሱ ፊቴን ይጋረፈዋል፤ አጨዳው ያለቀበት ማሳ ግራና ቀኝ ቢጫ ሆኖ ተዘርግቷል። ላለቅስ እፈልጋለሁ፤ ግን ማንም አልነገረኝምና በምን አለቅሳለሁ? መርዶ ሳልረዳ ባለቅስ እኔው የገደልኩት መሰለኝ። እንዲያ ስገለባበጥ ዳባት ደረስን።

አባ ይርዳውን ከግቢያቸው በር ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው። ቁጭ በይ ቢሉኝ እምቢ አልኩ። ቀስ ብለው ነገሩኝ። አንድ ቁስለኛ ወታደር ወደ ጎንደር ሲያልፍ፣ ሻይ ቤት ውስጥ፣ የዳባቱ ጌታነህ አንድ ኮረብታ ላይ ቀረ ብሎ አወራ። ራሱ አይቶ ይሁን ሰምቶ ግን የጠየቀው የለም። ወታደሩን ሆስፒታል የሚፈልግ ሰው ልከዋል። ከዚህ ቀደም ሽማግሌዎቹ እንዲሁ በወሬ አንዲት እናት አርድተው፣ ሴትዮዋ ፊቷን ነጭታ፣ ጠጉሯን ተላጭታ፣ ተዝካሩን አውጥታ ስታበቃ ልጇ በእግሩ መጣ። እናቱ ግን ከዚያ በኋላ ጤና አላገኘችም።

«ልጄ፣ አየሁ የሚል ሰው እስክናገኝ መርዶ አይነገርም» አሉኝ።

«እርስዎስ? እርስዎ ምን ያምናሉ?»

«የማምነውን ይዤ እናትሽ ደጅ አልሄድም» አሉ።

እንዴት ተናደድኩባቸው! ወይ ሞቷል አይሉኝ፣ ወይ አልሞተም። እየሮጥኩ ወደ ቤት ሄድኩ፤ እኔው ነግሬያት ይለይልን ብዬ።

እናቴ በርበሬ ትቀነጥሳለች። ባልተለመደ ቀን ስመጣ ምን ሆነሽ አላለችኝም። በሶ በጥብጣ ሰጠችኝ። ጽዋውን ይዤ ከበሩ እስከ መደቡ፣ ከመደቡ እስከ በሩ ስመላለስ ዓይኗን ከበርበሬው ሳታነሳ ተናገረች።

«ምን እንደሚሉ አውቃለሁ። ጎረቤቶቼ እኔን መጣላት ከተዉ ሰነባበቱ። አንቺ ግን በአፍሽ እንዳታመጪው። አየሁ የሚል ይምጣ፤ ያን ጊዜ አለቅሳለሁ።»

ይዤ የመጣሁትን ቃል ትቼ ጽዋውን አስቀመጥኩ። አጠገቧ ቁጭ ብዬ በርበሬ መቀንጠስ ጀመርኩ። እስኪመሽ ቀነጠስን። ዓይናችን አነባ፤ አፍንጫችን ፈሰሰ፤ ደጃፉን ያለፈ ሰው ሁሉ በርበሬው ነው ብሎ አለፈ።

ቁስለኛው ወታደር ሳይገኝ ቀረ። ደርግ ወደቀ። የተበተነው ሠራዊት በእግሩ፣ ተርቦና ተጎሳቁሎ በዚያ መንገድ ሲጎርፍ እናቴ ቆሎና ውኃ ይዛ መንገድ ዳር ሰነበተች። ላጎረሰችው ሁሉ የወንድሜን ስም ትጠራለታለች። አላውቀውም የሚል ሞላ፤ አየሁ የሚል አንድም አልመጣ። አባ ይርዳውም መርዶውን ሳይነግሩን አረፉ። እናቴ ለጌታነህ ጥቁር ሳትለብስ፣ ተዝካር ሳታወጣ አረጀች። እኔ በልቤ ሞኝነት ነው እያልኩ ስንት ዓመት ተናደድኩባት።

አምና እሷም አረፈች። ከቀብሯ በኋላ አንድ ወጣት ቄስ በጸሎት የሚጠሩ የቤተሰቡን የክርስትና ስሞች እንድሰጣቸው ጠየቁኝ። የአባቴን ነገርኳቸው፤ የእናቴን ነገርኳቸው፤ የወንድሜን ስል፣ «ከሕያዋን ጋር ነው ወይስ ከሙታን?» አሉኝ።

ያን ያህል ዘመን አንድ ሰው አፉን ሞልቶ ይንገረኝ ስል ኖሬ፣ አሁን መናገሩ የእኔ ተራ ሆነ። የማምነውን አውቃለሁ። በልጅነቴ፣ በዚያ ክፍል ውስጥ፣ የየሺን ትከሻ ሳይ ነው ያመንኩት። ግን አላየሁም።

«ከሕያዋን» አልኋቸው።

ጌታነህ በሕይወት ካለ ስድሳን የተጠጋ ሽማግሌ ነው፤ ጠጉሩ ሸብቶ፣ ምናልባትም ዳባት ደርሶ ከዚያ ተነሥተን ጎንደር መግባታችንን ከጎረቤት ሰምቶ ይመጣ ይሆናል። ቤተሰቦቼ አርፈሽ ተቀመጪ፣ ልጆቹ ይከፍታሉ ይሉኛል። በር ሲንኳኳ ግን ዛሬም ቀድሜ የምነሳው እኔ ነኝ።